የሻምበል ወንድይራድ ሃምሳ ሁለት

ሻምበል ወንድይራድ ወልደሰንበት ከአስር ዓመት የጦር በረራ በኋላ መቱ አውቶብስ ተራ የወረደው ሰኔ 1979 ዓ.ም.፣ የኢሉባቦር ዝናብ ቆርቆሮውን ሁሉ በሚደበድብበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሻንጣውን ለተሸካሚ ሰጠ። በደረት ኪሱ ያለውን ደብዳቤ ግን ለማንም አምኖ አልሰጠም፤ እንዳይርስበት በመዳፉ ሸፍኖ፣ ጭቃውን እየዘለለ ወደ እኅቱ ወደ ዘርፈሽ ቤት አቀና።

ዘርፈሽ የመቱ ቴሌ ኦፕሬተር ናት። ወንድሟን በሰባት ዓመት ትበልጠዋለች፤ እናታቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ እናቱም እሷው ናት። አባታቸው አቶ ወልደሰንበት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ የእሳቸው አባት ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ልጆቹ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ገበያና ሜዳ ላይ ኦሮምኛ እየተናገሩ አደጉ።

«እትዬ፣ ተለቀቅሁ» አላት በሩ ላይ እንደቆመ፣ ውሃው ከባርኔጣው እየተንጠባጠበ።

ዘርፈሽ ደብዳቤውን ተቀብላ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ወንድይራድ ከጦሩ ተለቅቆ፣ በምዕራብ ከተሞች መካከል መድኃኒት፣ ፖስታና መንገደኛ ለሚያመላልስ አዲስ የበረራ ድርጅት ተሰጥቷል። አንድ ግዴታ ብቻ አለበት፤ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ የንግድ በረራ ፈቃድ ካላወጣ ወደ ቀድሞ ክፍሉ፣ ወደ ሰሜን ይመለሳል። ይህን ስታነብ ፊቷ ጠቆር አለ። ሁለተኛውን ገጽ ስትገልጥ ግን በራላት።

ለፈቃዱ ስድስት የጽሑፍ ፈተና አለ። ወረቀቱ እንደሚለው ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ሰዓት በላይ የበረሩ የጦር አብራሪዎች «በሠለጠኑበት ትምህርት ቤት ተፈትነው ያለፉ በመሆናቸው» ከአምስቱ ነፃ ናቸው፤ የሚቀመጡት ለአየር ሕግ ፈተና ብቻ ነው። ወንድይራድ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሰዓት በርሯል።

«አንድ ፈተና! የአንድ ጠዋት ሥራ!» ብላ እልል አለች። ጎረቤት ወጣ። ሲመሽ የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር ከወሩ ኮታ ውጪ ሁለት ኪሎ ስኳር ላከ።

ወንድይራድ ሦስት ቀን ተኛ። ወደ ሰሜን ጥይት፣ ከሰሜን ቁስለኛ ሲጭን የኖረ ሰው ነውና እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከተኛ ዘመን የለውም። ዘርፈሽ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ገርበብ ባለው በር አየት እያደረገችው፣ «ተመስገን፣ ይኸው አለ» ትል ነበር።

በአራተኛው ቀን ከቤት ወጣ አለ። ከአውቶብስ ተራው ጎን ያለው ሻይ ቤት ሲገባ አንድ ወፍራም ድምፅ «ሚጩ ኮ!» ብሎ ጠራው። እንዲህ «ወዳጄ» ብሎ የሚጠራው ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ነመራ ጎንፋ ነበር።

ነመራ ከመቱ ብዙም የማትርቀው የኡካ ልጅ ነው። መቱ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ከወንድይራድ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተምረዋል። ከዚያ ወንድይራድ ወደ ጦሩ ሲገባ፣ ነመራ አዋሽ ወርዶ በአንድ የጥጥ እርሻ ለርጭት አውሮፕላኖች መድኃኒት በጥባጭ ሆኖ ተቀጠረ። አብዮቱ ሲመጣ ፈረንጆቹ አብራሪዎች አገር ጥለው ሄዱ፤ እርሻውም ቸግሮት ከራሱ ሠራተኞች አራቱን አስተማረ። ከአራቱ አንዱ ነመራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጥጡ በላይ አንድ ሰው ተኩል በማይሞላ ከፍታ ሲመላለስ ኖረ። አሁን እሱም ለዚያው ለአዲሱ ድርጅት ተመልምሏል።

ሻይ ታዘዘ። ከጨዋታው መሐል ነመራ፣ «የኔ ስድስት ነው። ያንተ አንድ ነው አሉኝ» አለ።

«አንድ ነው።»

«እሰይ! በማርያም፣ ቅናት አይደለም። ግን የሚያብከነክነኝ ነገር አለ። አራት ሺህ አንድ መቶ ሰዓት ነው ያለኝ። ነፋሱን ካላወቅሁ እኮ መርዙ ጥጡን ትቶ የሰው በሬ ላይ ይወርዳል። ለእኔ 'አታውቅም፣ ተፈተን' ሲሉኝ፣ ለእናንተ 'ታውቃላችሁ' የሚሉት ምን አይተው ነው?»

«እኛ ትምህርት ቤት ተፈትነናላ» አለ ወንድይራድ።

ቃሉ ሳያስበው ከአፉ አመለጠ። ነመራ ራሱን ነቀነቀ። «እሱስ ልክ ነው። የተፈተነ ሰው ለምን ሁለት ጊዜ ይፈተን? የአየር ጠባይ ፈተናው ከባድ ነበር?»

«ከባድ ነበር» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

አልተፈተነም ነበር። ይህን የሚያውቁት እሱና ጓዶቹ ብቻ ናቸው። በ1969 ክረምት፣ ሃያ ሆነው ትምህርቱን ሊጨርሱ የመጨረሻው ፈተና ለሰኞ ተቀጥሮላቸው ሳለ፣ ቅዳሜ አሰልፈው አገር እንደተወረረች ነገሯቸው። ሰኞ ዕለት እርሳስ ሳይሆን መሪ ጨብጠው ጦር ሜዳ ነበሩ። ከአምስት ወር በኋላ ለሃያውም «አልፏል» የሚል አንድ ዓይነት የምስክር ወረቀት መጣላቸው። ማን ይጠይቃል? አገር በጭንቅ ላይ ናት። ከሃያው ዛሬ በሕይወት ያሉት ዘጠኝ ናቸው፤ ዘጠኙም ስለዚያ ሰኞ አንድ ቀን አንስተው አያውቁም።

መብረሩንስ ችሎታል። የማይችለው አንድ ነገር ነበር። በ1974 አሥራ አንድ ቁስለኛ ጭኖ ሲመለስ ቀጭን የመሰለው ደመና ውስጥ ገባ፤ ደመናው አውሮፕላኗን እንደ ቅጠል አንስቶ ጣላት፣ አንስቶ ጣላት። በሕይወት ወጡ። የክፍሉ ሰዎች «እግዜር ነው ያወጣህ» ሲሉት አሜን አለ። እግዜር ማውጣቱን አልካደም፤ ወደ ደመናው ያስገባው ግን የራሱ አለማወቅ መሆኑን ልቡ ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደመና ባየ ቁጥር መዳፉን ያልበዋል።

እውነቱን ሄዶ ቢናገር ነገሩ በእሱ ብቻ አያበቃም። ዘጠኙም ይጠየቃሉ፤ ወረቀቱን የፈረሙትም ይጠየቃሉ፤ በዚያ ዘመን ደግሞ መጠየቅ የት እንደሚያደርስ አይታወቅም። ዝም ቢል ነመራ ስድስቱን ሲታገል እሱ እጁን አጣጥፎ ያያል። ሁለት ቀን ይህን ሲያመነዥግ ቆየና በሦስተኛው ነመራን ፈልጎ፣ «የአየር ጠባዩን ከአንተ ጋር ላጥናው። እንዳልረሳው» አለው።

ነመራ ደስ አለው። «ቶሌ! እሺ! ብቻዬን ስጮህ ጎረቤት አበደ ብሎኛል።»

ሐምሌን ሙሉ በዘርፈሽ በረንዳ ላይ አጠኑ። ነመራ ማስታወሻውን በጥጥ ከረጢት ጠቅልሎ ነበር የሚይዘው፤ ግማሹ በስቴንስል የተባዛ፣ ግማሹ በራሱ እጅ የተጻፈ ነው። ማስተማር ያውቅበታል። ደመናን በከሰል እየሣለ፣ አንዳንዴም ሥዕሉን ትቶ ሰማዩን እያሳየ ያስረዳል።

አንድ ማለዳ የሶር ወንዝ ሸለቆ በጉም ተሞልቶ ከላዩ ዛፎቹ ብቻ ብቅ ብለው ነበር። ነመራ፣ «ትናንት ማታ ሰማዩ እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቀው።

«ጥርት ያለ።»

«ታዲያ ጉሙ ከየት መጣ?»

ወንድይራድ ጉሙን ቁልቁል አየ። እሱ በጦሩ ሳለ ማታ ሰማዩ ከጠራ 'ነገ በማለዳ እንነሣ' ባይ ነበር።

«ከጥራቱ ነዋ!» አለ ነመራ። «ደመና ለምድር ጋቢዋ ነው። ጋቢዋ ሲነሣ ሙቀቷ ወደ ላይ ያመልጣል፣ ትበርዳለች። እርጥቡ አየር የጤዛ ነጥቡ ላይ ሲደርስ ጉም ይሆናል። እኛ አገር ዝናብ ዘንቦ በጠራ ሌሊት ማግስት ማለዳውን ነው መፍራት።»

«የጤዛ ነጥብ ምንድን ነው?»

ነመራ ከሰሉን እንደያዘ ቀና ብሎ አየው። ይህ የትምህርቱ ሀ ሁ ነው። ተምሮት የረሳ ሰው እንዲህ አድርጎ አይጠይቅም። ግን አዲስ ገጽ ገለጠና፣ አየር ውሃ እንዴት እንደሚሸከም፣ ሲበርድም በየትኛው ሙቀት ላይ ሸክሙን እንደሚጥል ከመጀመሪያው ጀመረለት።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ በአውቶብስ ተሳፍረው አዲስ አበባ ገቡ። የፈቃድ ቢሮው መዝጋቢ ጓድ ዳምጤ የሚባሉ ቀጭን፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያርፍ ሰው ነበሩ።

«ጓድ ሻምበል፣ እርስዎ የአየር ሕግ ብቻ ነዎት። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት» አሉ።

«ስድስቱንም መፈተን እፈልጋለሁ።»

«ነፃ ነዎት እኮ።»

«ነፃ መሆኔን አልፈልገውም።»

ጓድ ዳምጤ በሩን አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጓድ፣ እንዲህ ያለ ቃል ቢሮ ውስጥ ባይነገር ጥሩ ነው።» ቅጹን አነሡ። «ይመልከቱ። ሁለት ሣጥን ነው ያለው። 'ተፈታኝ' ይላል፣ 'ነፃ' ይላል። ሁለቱም ላይ ምልክት ያደረገ ሰው በአሥራ ሁለት ዓመት አላየሁም።» ከዚያ አንድ ነገር ታወሳቸውና ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ቃጣቸው። «ይቅርታዎን፤ የተላኩ ነዎት?»

«ከየት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ከበላይ።»

«ማንም አልላከኝም። ራሴን ለማወቅ ነው።»

ጓድ ዳምጤ ይህን ምክንያት ከየትኛው መመሪያ ሥር እንደሚያስገቡት ቸገራቸው። በመጨረሻ፣ «ይፈተኑ እንግዲህ። ግን ይህን ይወቁ፤ ቢያልፉም ቢወድቁም መዝገቡ የሚያየው ደብዳቤዎን ነው» ብለው ሁለቱም ሣጥን ላይ ምልክት አደረጉ።

በማግስቱ ከጦሩ የመጡት ሌሎቹ የአየር ሕጉን ጨርሰው ጃኬታቸውን እያነሡ ሲወጡ ወንድይራድ ቀጣዩን ወረቀት ይጠብቅ ነበር። ከሚወጡት አንዱ ሻምበል አበባየሁ፣ ከዚያው ከሃያው ሰው አንዱ ነው። በሩ ላይ ቆሞ አየው። ምን እያደረገ እንደሆነ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ውጤቱ መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት በስልክ መጣ። ዘርፈሽ መስመሩን የያዘችው እሷ ናትና ራሷ ሰምታ፣ ራሷ ጽፋ፣ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ አልጠበቀችም፤ ጥላዋን ረስታ ቤት ድረስ ሮጠች።

«ወጣ! ፈቃድህ ወጣ! በፖስታ ልከውታል! ነመራም አልፏል፣ ስድስቱንም!»

«የአየር ጠባዩ ስንት ነው?»

«የነመራ ሰማንያ አንድ።»

«የኔ፣ እትዬ።»

ወረቀቷን አየች። «ሃምሳ ሁለት። ማለፊያው ሰባ ነው አሉኝ። ግን ለአንተ አይቆጠርም እኮ፣ ነፃ ነህ! ሌሎቹን አምስቱን ደህና አድርገህ አልፈሃል። ምን ሆንክ? ሰው ፈቃድ ሲያወጣ እንዲህ ይሆናል?»

ወንድይራድ ሊስቅና ሊያቅፋት ሞከረ። ሳቁ ግን አልመጣለትም።

ነመራ በሳምንቱ ከኡካ በእግሩ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ሰላምታም ሳይሰጥ ከድርጅቱ የደረሰውን የምደባ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። በጎሬ አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ የሚመደቡ ሁለት ሰዎች ስም አለበት። ወንድይራድ ወልደሰንበት፣ ካፒቴን፣ በግራ ወንበር። ነመራ ጎንፋ፣ ረዳት አብራሪ፣ በቀኝ ወንበር።

«ሰማንያ አንድ ያመጣው በቀኝ፣ ሃምሳ ሁለት ያመጣው በግራ» አለ ነመራ። ድምፁ ከፍ አላለም፤ ወንድይራድ ቢጮህበት ይሻለው ነበር። «ባትፈተን ኖሮ 'ተፈትኖ ያለፈ ሰው ነው' ብዬ እቀበለው ነበር። አሁን ግን አየሁት። እኔ ያስተማርኩህን ደመና እኔ እያየሁት 'ግባ' ስትለኝ ልገባ ነው?»

ዘርፈሽ ጣልቃ ገባች። «ነመራ! አስር ዓመት ሙሉ ሞት ሲፈትነው የኖረን ሰው ደግሞ ወረቀት ይፈትነው? ፍርድ ነው ይሄ?»

«እትዬ ዘርፈሽ፣ ጀግንነቱን ማን ነካ? ሞት ሰውን ሲያልፈው 'የአየር ጠባይ አዋቂ ነህ' ብሎ ወረቀት አይሰጠውም።»

ወንድይራድ እጁን አነሣ። «ተዪው፣ እትዬ። ነመራ፣ ተቀመጥ። ያን ፈተና አልተፈተንንም።» ከዚያም ስለ ሰኞው፣ ስለ ሃያው ሰው፣ ስለ አንድ ዓይነቱ ወረቀት፣ አሥራ አንዱን ቁስለኛ ይዞ ስለገባበት ደመና አንድ በአንድ ነገረው። ዘርፈሽ እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

ነመራ የምደባ ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንሥቶ አጠፈው። «የጤዛ ነጥቡን የጠየቅኸኝ ቀን ጠርጥሬአለሁ» አለ። «ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሁለት ወር!»

«ፈራሁ።»

«እሱስ እኔም እፈራ ነበር» አለና ጭቃውን ከጫማው ማራገፍ ጀመረ። ቁጣው ግን ከፊቱ ላይ እየለቀቀ ነበር።

ወንድይራድ በዚያው ሳምንት ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አንድ ገጽ ጻፈ። ስለ ጓዶቹ አንዲት ቃል አላነሣም። በአየር ጠባይ ፈተና ሃምሳ ሁለት አምጥቶ መውደቁን፣ እንደገና ተፈትኖ እስኪያልፍ በረዳትነት ቢሠራና ነመራ ጎንፋ ካፒቴን ቢሆን ለመንገደኛው እንደሚሻል ጻፈ።

ዘርፈሽ ደብዳቤውን አንብባ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «አንተ ልጅ፣ እኔ የት እንደምሠራ ረሳኸው? የስንቱ እናት መርዶ በኔ መስመር አልፏል! ስንቱን 'ሃሎ' ብዬ ተቀብዬ አገናኝቻለሁ! ወደዚያ ቢመልሱህ የአንተንስ ማን ይቀበልልኛል?» እሱ ግን ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ወስዶ አስገባ። እሷም አራት ቀን አላነጋገረችውም። ምግቡን ታቀርባለች፤ ቃል ግን የለም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ሥራ አስኪያጁ ጓድ ሽበሺ ሐሙስ ጎሬ ይወርዳሉ፤ ሻምበል ወንድይራድ እንዲጠብቃቸው። ዘርፈሽ መልእክቱን ስትነግረው ዝምታዋን ረሳችው፤ «ካፖርትህን ልበስ፣ ጎሬ ብርድ ነው» አለችው።

ጓድ ሽበሺ ራሳቸው አሮጌ አብራሪ ናቸው፤ ጸጉራቸው ነጭ፣ ንግግራቸው ቁጥብ። በሜዳው ዳር ባለችው የጣውላ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ብቻ ተቀመጡ። ውጪው በጉም ስለተሸፈነ ከመስኮቱ ማዶ አውሮፕላኗ እንኳ አትታይም።

«ደብዳቤህን አንብቤአለሁ» አሉ። «አንድ ነገር አልገባኝም። ትምህርት ቤት ይህንኑ ትምህርት አልፈሃል ይላል ማኅደርህ። ስንት ነበር ያመጣኸው?»

የፈራው ጥያቄ መጣ። ወንድይራድ ጉልበቱን ጨበጠ። «ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ስለ ራሴ ልናገር፤ ስለ ሌላ ሰው ግን አይጠይቁኝ። እኔ ያን ፈተና አልተቀመጥኩም።»

ሽማግሌው አልደነገጡም። «ይህን ስሰማ አንተ ሁለተኛ ነህ» አሉ። «ባለፈው ሰኞ አንድ ሰው ቢሮዬ መጥቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ቆሞ ይህንኑ ነገረኝ። ማን እንደሆነ አልነግርህም። 'ሌላው ሰው ሊፈተን ተቀምጦ አይቼ ወደ ቤቴ ሄጄ መተኛት አቃተኝ' አለኝ።»

ጓድ ሽበሺ ቀጠሉ።

«ያን ወረቀት ያመጣው ጦርነቱ ነው፤ ማንንም አልከስም፤ ማኅደር ውስጥም አላስገባውም። እኔን ያሳሰበኝ ይህ አገር ነው።» ወደ መስኮቱ ጠቆሙ። «ስለ ሞተር፣ ስለ ሬዲዮ፣ ስለ ጭነት ሰውየው ምን እንደሚያውቅ አጠገቡ ተቀምጬ በርሬ አየዋለሁ። ጦር ላይ ይማረው ጥጥ ላይ፣ ካሳየኝ ከዚያ ፈተና ነፃ ቢሆን አልቃወምም። ጉምን ግን እየበረርኩ ልፈትነው አልችልም፤ እኔም አብሬ እሞታለሁ። ስለዚህ የአየር ጠባዩን ሁሉም ይቀመጣል። ለፈቃድ ቢሮውም ጽፌ ተስማምተዋል፤ ይህን እስኪያልፍ የማንም ፈቃድ ጊዜያዊ ነው። የወደቀ ሰው እስኪያልፍ በቀኝ ይቀመጣል። ነመራ ካፒቴን ነው።»

«ወደ ሰሜንስ?» አለ ወንድይራድ።

«እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ጊዜ አለህ። ያኔም ከወደቅህ ላድንህ አልችልም፤ ቀኑን የወሰንኩት እኔ አይደለሁም።»

ወንድይራድ ከክፍሏ ሲወጣ ጉሙ ፊቱን አረጠበው። ተመልሶ ሊወድቅ እንደሚችል ያውቃል፤ ሊመልሱት እንደሚችሉም ያውቃል። ሆኖም ደረቱ ላይ ለአስር ዓመት የተቀመጠው ነገር ተነሥቷል። ወደ መቱ በሚመለሰው ላንድሮቨር ላይ፣ ከአንዲት ዶሮ ካቀፈች ሴትና ከሁለት አስተማሪዎች መካከል ተጣብቆ፣ ጥግ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ነመራ ውሳኔውን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተናደደ። «ታዲያ እኔ ስለ ሞተር ለማጥናት ያጠፋሁትን ክረምት ማን ይመልስልኛል? በርሬ ማሳየት እችል ነበር!» ማንም ሊመልስለት አልቻለም። ይህን ቅሬታ ከዚያ በኋላም ለዓመታት፣ በተለይ ሞተር አልነሣ ባለ ቁጥር፣ ያነሣው ነበር።

ጥቅምትንና ኅዳርን አብረው በረሩ፤ ነመራ በግራ፣ ወንድይራድ በቀኝ። አንድ ጠዋት በዚያው በኢሉባቦር ያለው የቡሬ ጤና ጣቢያ የጠየቀው የእባብ መድኃኒት ተጭኖ ወደ ጎሬ ሲደርሱ ሜዳው ተዘግቶ ጠበቃቸው። የድሮው ወንድይራድ ቀዳዳ ፈልጎ ይጠልቅ ነበር። ነመራ፣ «ምን ታያለህ?» ብሎ ጠየቀው።

«ፀሐይ ወጥታለች። ነፋሱ ቀላል ነው። ጉሙ ከላይ ሲታይ ስስ ነው፣ ጠርዙም መበጣጠስ ጀምሯል። ሃያ ደቂቃ፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት።»

«ነዳጃችንስ?»

«ለአንድ ሰዓት ከሩብ ያዞረናል። ከዚያ በፊት ካልተከፈተ ወደ ጋምቤላ።»

እየዞሩ ጠበቁ። በሃያ ስድስተኛው ደቂቃ ሜዳው ከሥር እንደ ታጠበ ጨርቅ ተዘርግቶ ታየ። መድኃኒቱን የተረከበው የጤና ረዳት ስለ መዘግየታቸው ተቆጣቸው። ወንድይራድ ቁጣውን በደስታ ተቀበለ፤ መዳፉ ደረቅ ነበር።

ታኅሣሥ አሥራ አንድ ቀን ፈተናውን ተቀመጠ። ከጦሩ የመጡት ሌሎቹም ሁሉ ተቀምጠው ነበር። ታኅሣሥ ሃያ አራት ቀን ውጤቱ በስልክ ሲነገር ዘርፈሽ «ሰባ ስምንት» የሚለውን ሰምታ ጮኸች፤ እጇም ያልሆነ ገመድ ነቀለ፤ አንድ የክፍለ ሀገሩ ባለሥልጣን ንግግሩ ከመሐል ተቆረጠበት። የቢሮው ኃላፊ ሊገሥጿት መጥተው እንባዋን ሲያዩ ተመለሱ። ወዲያው ወደ ጎሬ ሜዳ ደወለች።

«ሰባ ስምንት!» አለችው። «ይቆጠራል፣ ይኼ ይቆጠራል!»

ወንድይራድ መነጋገሪያውን እንደያዘ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። «እትዬ፣ ቀስ በዪ፣ መስመሩን እንዳትበጥሺው» አላት፤ ሁለቱም እየሳቁ ማልቀስ ጀመሩ።

ከገና በኋላ፣ በመቱ ገበያ ቀን፣ አንድ ሰው ከአውቶብስ ወርዶ የቴሌን ቢሮ ጠየቀ፤ ዘርፈሽም ወደ ቤት አመጣችው። ሻምበል አበባየሁ ነበር። እሱም በዚያው ፈተና ሰባ አንድ አግኝቶ ወደ ደምቢዶሎ ለመመደብ እያለፈ ነው። ወንድይራድ በሩ ላይ ሲያየው ሁለቱም ለአፍታ ቆሙ።

«መጀመሪያ ሊያጠፋን ነው ብዬ ረግሜህ ነበር» አለ አበባየሁ። «እግርህን ይስበረው አልኩ።»

«ሰኞ ቢሮ የሄድከው አንተ ነህ ማለት ነው?»

«ማን ሌላ ይሄዳል? ወንድይራድ፣ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቅ ይመስለኝ ነበር እኮ! እናንተ ሁላችሁ የሆነ ቦታ ተምራችሁት እኔ ብቻ የቀረሁ! አንድ ደመና ባየሁ ቁጥር...»

«መዳፍህን ያልብሃል» አለ ወንድይራድ።

አበባየሁ አፉን ከፍቶ አየው። ከዚያ ሁለቱ ሻምበሎች ተቃቅፈው፣ ዘርፈሽ እስክትደነግጥ ድረስ እንደ ልጅ ሳቁ። ነመራም ጠቦት ይዞ ከኡካ ደረሰ። ሲበሉ ዋሉ፤ በሞት የተለዩትን አሥራ አንዱን በየስማቸው እየጠሩ፣ ማን ቀልደኛ እንደነበር፣ ማን ያን ሰኞ ፈተናውን አንደኛ ይወጣ እንደነበር ተከራከሩ።

ወንድይራድ በየካቲት ካፒቴን ሆነ። ድርጅቱ እስከ ተዘጋበት እስከ 1983 ድረስ ከነመራ ጋር አንዳንዴ በግራ፣ አንዳንዴ በቀኝ እየተቀመጠ በዚያ በጉም አገር ሲመላለስ አንድም ሰው ሳይጎዳ ኖረ። አዲስ አብራሪ ሲመጣ ከየትም ይምጣ፣ ከጦርም ከጥጥም፣ የመጀመሪያውን ጠዋት ወደ ሶር ሸለቆ አፋፍ ይወስደውና ትናንት ማታ ሰማዩ እንዴት እንደነበር ይጠይቀዋል። ሰውየው ባያውቅ አይቆጣም። ከመጀመሪያው ይጀምርለታል።